የተረፈው መደብ

ጳጉሜ ውስጥ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚሄድ ሚኒባስ። ከጎኔ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የሽንኩርት ችግኝ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእሷ ወዲያ ያሉት ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ችግኙ ለገበያ ነው?»

«አይ አባባ፣ አጣዬ ላለችው ለባለቤቴ እህት ነው።»

«ያንቺ ማሳስ?»

«ዘንድሮ ጦሙን ያድራል።»

«ምነው? ውሃ እያለ መሬት ጦም ያድራል እንዴ? ባልሽ ምን አለ?»

«ችግኙን ያፈላው እሱ ነበር። ባለፈው ወር ጎርፍ መጣ ሲሉት ከችግኝ መደቡ ሊመልሰው ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«መደቡ ተረፈ።»

«ያ አላህ! አላህ ያጽናሽ ልጄ።»

«አሜን።»

«ታዲያ ያገሩ ሰው በደቦ አይተክልልሽም?»

«እንትከልልሽ ብለውኝ ነበር። መትከሉስ ይተከላል አባባ፤ ሲደርስ በምን አንጀቴ እነቅለዋለሁ?»



«እንግዲያ ፀሐዩ በርዶ ሲመሽ ትከይው በያት። በጠራራ ከተተከለ ይጠወልጋል።»

«እሱም እንደዚሁ ነበር የሚለው።»

ሸዋ ሮቢት የገዛሁትን የሽንኩርት ፌስታል በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።