ሽማግሌ ሳይልክ የሄደው ልጅ

ነይ ግቢ፣ ተሻለች። ነጠላሽን እዚያ ወንበር ላይ ጣል አድርጊው። ውጭው እንዴት ነው? ዛሬ የጭላሎ ተራራ ፊቱን ሸፍኖ ነው የዋለው፤ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም ብቅ አላለም። እኔማ የስፌት መኪናውን ስረግጥ ካልዋልኩ እግሬ ይደነዝዛል። በይ ቬሎሽን ልበሺውና እዚህ ብርሃኑ ጋ ቁሚልኝ። እጅሽን ዘርጊ። እንዳትነቃነቂ፣ በስፒል ብቻ ነው የያዝኩት።

ወይ ጉድ፣ ምን ያህል ከስተሻል! ባለፈው የለካሁት ወገብ የት ሄደ? ጾሙ ነው አይደል? ጾሙ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል… ልትዳር የተቃረበች ልጅ በሌላ በምን ትከሳለች? ግድ የለም፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ገና ነው። አንድ ጣት ያህል ላጥብበው።

ወንድምሽስ ደህና ነው? ማስተማሩ፣ ስብሰባው እንዴት ይዞታል? እግዚአብሔር ይመስገን። አይ፣ እንዲያው ጤናውን ልጠይቅ ብዬ ነው። ብቻዬን ስሰፋ ስለምውል ሰው ሲመጣልኝ አፌ አያርፍም፤ ታውቂኝ የለም? አሁን አንቺ ስትገቢ የአንድ ሰውዬ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። አንቺ አታውቂውም። እዚሁ አሰላ ነው የሚኖረው፣ ግን ከየት ታውቂዋለሽ… ሌላ ሰው ነው።

ምን ያለ አዋቂ መሰለሽ! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣ ነው። ሲመለስ አንድ ቴፕና አንድ ፍልስፍና ይዞ መጣ። ቴፑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ፍልስፍናው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሰው ማለት ራሱ ብቻ ነው፤ ወገን፣ ዘር፣ አጥንት፣ እድር፣ ማኅበር የምንለው ሁሉ የደካማ ምርኩዝ ነው፤ ብርቱ ሰው ብቻውን ይቆማል። «እኔን የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል። ስንቱን ስሠራ ስኖር፣ ራሴን መሥራት እንደሚቻል እኔ መቼ ትዝ ብሎኝ ያውቃል?

እሱ ግን በሕፃንነቱ ነው የጀመረው። እናቱ ታማ ጡቷ ሲደርቅ ሀሊሜ፣ ያቺ ወተት የምታመጣልን፣ ከልጇ ከከዲሮ ጋር አንድ አንድ ጡት እያካፈለች አጠባችው ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ አንዲት ሞኝ ልብስ ሰፊ የባሏን ሱሪ ፈትታ ቁምጣ ሰፋችለት። መቀመጫው እየሳሳ ሲያስቸግር ሦስት ጊዜ እራፊ ደረበችበት። ለካ ያንንም የሠራው እሱ ራሱ ኖሯል! ሴትዮዋ እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የሰፋሁት እያለች ነው የምትኖረው፤ እንግዲህ የሚነግራት ሰው አጥታ ነው።

ኋላ ከእድሩም ወጣ። ዝም ብሎ አይደለም፣ በደብዳቤ ነው፤ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ኃይለየሱስ ሦስት ገጽ ጻፈላቸው። ጋሽ ኃይለየሱስ መነጽር ተውሰው አነበቡት፣ አልገባቸውም፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አምና እናቱ ስትሞት ታዲያ ማን ድንኳን ይተክላል ተብሎ ሲፈራ፣ እኒሁ ሰውዬ ደብዳቤውን ከነኪሳቸው ይዘው መጡና አስተከሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ተቀመጠለት፣ ምግቡም ከየቤቱ መጣለት። እሱ ድንኳኑን ማን ተከለው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ራሱ የበቀለ መስሎት ይሆናል እንጂ ክፋት የለበትም።

ትንሽ ዞር በይልኝ። እንዲያ… ጎሽ።

ቴፑን ሳልነግርሽ። ጥቁር አሜሪካኖች የሚዘፍኑት ነው ይላል። ዘፈን ይበሉት እንጂ ዜማ የለውም፤ ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ልክ አውቶቡስ ተራ ተሳፋሪ እንደሚጣራ ረዳት። ከኋላው ከበሮ ይደለቃል። ያ አዋቂ እዚህ ፊት ለፊቴ ያለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቴፑን ያስቀምጥና ወጣቱን ሰብስቦ ይተረጉማል፦ «እኔ እኔ ነኝ፣ እንደኔ ያለ የለም ነው የሚለው። አያችሁ? በነጭ አገር ጥቁሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን ጠራ!» አንድ ቀን ከጮሌ ወረዳ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ አባ ቱሳ የሚባሉ ሽማግሌ ቆመው ሰሙት። «ፉከራ ነው፤ ይሄማ ገባኝ» አሉ። «ግን የማን ልጅ ነኝ ይላል? እኛ ስንፎክር አባታችንን እንጠራለን፣ ፈረሳችንን እንጠራለን። ይሄ ሰው አባት የለውም እንዴ?» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

ምን ሳቀ መሰለሽ! «አባባ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ኋላ ቀርነት ነው። ሰው በአባቱ አይመዘንም» አላቸው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌውም ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። እኔ ከዚህ ሆኜ መርፌ ላይ ክር እየሰካሁ ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ጥሩ ነገር ከማንም አፍ ቢወጣ ጥሩ ነው፣ አይደለም እንዴ?

ቅዳሜ ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ ወቅታዊ ጉዳይ ሲያስረዳ ነው መስማት። መቅረት የለም፣ ስም ይጠራል። እኔም ቁልፍ የሚተከልበት ሸሚዝ ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። በፊተኛው ሳምንት ካድሬው «ግለኝነት ይውደም!» ሲል ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያነሳው ያ ብቻውን የሚቆመው ሰውዬ ነበር። በሚቀጥለው እሱ ራሱ ወጣ። ስለ አሜሪካ ጥቁሮችና ስለ ደቡብ አፍሪካ ነበር ነገሩ። «ወንድሞቻችን በቆዳቸው የተነሳ ከሰው በር ይመለሳሉ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ካድሬው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቀጠለና «ሰው በቆዳውም በአጥንቱም አይለካ! የሚጠይቅ ራሱ ቆሞ ይጠይቅ፣ የሚመልስም ሰውየውን ብቻ አይቶ ይመልስ!» አለ። ይሄኛው የአብዮቱ ይሁን የግሉ አልለየንም። ካድሬው ካጨበጨበ ብለን ሁላችንም አጨበጨብን።

አንድ ሞኝ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበር። ማጨብጨቡ አልበቃውም፣ አመነ። ይህን ሞኝ ታውቂዋለሽ፤ ዲሪባ ነው፣ የእህቴ ልጅ። የራሴ ስለሆነ ስሙን ብጠራም ነውር የለውም። አባቱ ቶላና እህቴ ካለፉ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ ቤት ጎማ ይሠራል። ፍልስፍና አያውቅም፣ ማን እንዳሳደገው ግን ያውቃል፤ በየበዓሉ መጥቶ ጉልበቴን ይስማል።

ያ አዋቂ ሰውዬ ደግሞ እህት አለችው። አንቺ አታውቂያትም። ጨዋ ናት፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት ይሏታል። የኔ ሞኝ ወደዳት። እሷም አልጠላችውም መሰለኝ፤ የወንድሟ ብስክሌት ጎማ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይተነፍስ ነበር፣ ይዛ የምትመጣውም እሷ ነበረች። ሰውየው ስለ ዓለም ብዙ ሲያስብ ጎማው ለምን እንደሚተነፍስ አላሰበም።

ዲሪባን «ሽማግሌ ልላክልህ» አልኩት። ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ጋሽ ፍሰሐ፣ አንድ ቄስ ይጨመሩና በወጉ ሄደው፣ አንቀመጥም ብለው፣ ቆመው ይጠይቁልሃል አልኩት። «የለም አክስቴ» አለኝ። «ለእሱ ሽማግሌ መላክ እሱን መናቅ ነው። የሚጠይቅ ራሱ ቆሞ ይጠይቅ ሲል ሰምተሽዋል እኮ።» በዚህ አገር ብቻውን ሄዶ የሰው ልጅ የሚጠይቅ ማን አለ? ሽማግሌ ያልላከ ሰው ወይ ወገን የለውም፣ ወይ ቤተሰቡን ንቋል። ይህን አውቅ ነበር። ግን የተማረው እንዲህ ካለ ብዬ ዝም አልኩ። በዚህ እኔም አጥፍቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሁድ ሄደ። ጠዋቱን በሙሉ እጁን በኦሞና በአሸዋ ሲፈትግ ነው ያረፈደው፤ የጎማ ጥቁር እንደሆነ አይለቅም። እኔ የሰፋሁለትን ሰማያዊ ኮት ለበሰ። ሄደና በሩን አንኳኳ፣ ራሱ ቆመ፣ ራሱ ጠየቀ።

ምን እንደተባለ ልንገርሽ? አንቺ እዚያ አልነበርሽም… ጓዳ የነበረች አንዲት ልጅ ግን ሁሉንም ሰምታለች ይባላል። ገና እጁን ሲዘረጋ ሰውየው ጥቁሩን አየና የራሱን እጅ ኪሱ ከተተ። የአሜሪካዎቹ ጥቁሮች ዕድለኞች ናቸው፣ ባሕር ማዶ ስለሆኑ ጨብጣቸው የሚለው የለም። ቀጥሎ «ሽማግሌህ የታለ?» አለው። ቀጥሎ «የማን ልጅ ነህ?» አለው። አዎ፣ ያንኑ ጥያቄ! አባ ቱሳ ይቅርታ የጠየቁበትን! «የቶላ ልጅ» ሲለው «የእሱስ አባት? የአባቱስ አባት?» እያለ ሰባት ቤት ድረስ ቁጠር አለው። የኔ ሞኝ ደግሞ ከልቡ መስሎት ቆጠረለት። የኦሮሞ ልጅ አባቶቹን ሲቆጥር አይደናቀፍም፣ አሥራ አንድ አድርሶለታል። ሰውየው ግን ከሁለተኛው ስም ጀምሮ መስማት ትቷል። «የእኛ አጥንት ከዚህ ጋር አይደባለቅም። አያቶቻችን ከመንዝ በማዕረግ ነው የመጡት» ብሎ በሩን ዘጋበት።

በማዕረግ! እኔ እንኳ አላውቅም። እናቴ ነፍሷን ይማርና ያን አያት ታውቀው ነበር። ከመንዝ ሲመጣ የሰው በቅሎ ከኋላ እየነዳ ነው ትለኝ ነበር። በቅሎ መንዳት ነውር ነው እንዴ? ሥራ ነው። በቅሎዋ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ባለማዕረግ ነበር፣ እሱም ከማዕረግ ብዙ አልራቀም።

ወር ሳይሞላ ደግሞ ከናዝሬት አንድ ኃላፊ በነጭ ላንድሮቨር መጣ። በዕድሜ ትንሽ… በሰል ያለ ነው። የዚህንስ አጥንት ማን ቆጠረ? የማን ልጅ ነህ አለው? ሞተሩ ሳይጠፋ ነው እሺ የተባለው። ከሠርጉ በኋላ ፈላስፋው አዲስ አበባ ይዛወራል አሉ፤ ወረቀቱ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው ብቻውን ሲቆም አየሽ? እህቱ ላይ ነው የቆመው፣ ግን እሷ ከእግሩ ሥር ስለሆነች አትቆጠርም፤ እሱ በራሱ ሒሳብ አሁንም ብቻውን ነው።

ምነው? ወጋሁሽ እንዴ? አይ ስፒሉ ነው፣ ይቅርታ… አታልቅሺ የኔ እናት፣ እንባ ጨርቁ ላይ ምልክት ይተዋል። የሰው ወሬ እኮ ነው የማወራሽ። ለነገሩ ለዚያች ልጅ እኔም አዝናለሁ። ወንድሟ ሰው ሁሉ ለራሱ ይወስን እያለ አገር ሲያስተምር፣ እቤቱ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሰው ይወሰንልሽ ወይስ ራስሽ ትወስኛለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሰው ሲል እሷን አይጨምር ይሆን? እኔ እንጃ፣ ያልተማርኩ ነኝ።

ዲሪባ? ደህና ነው። ነገ አቦምሳ ይሄዳል። ሁሴኖ ከሚባል ጓደኛው ጋር የራሳቸውን ጎሚስታ ሊከፍቱ ነው። በጠዋቱ የአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው። ንገሪያት አላለኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጨዋታ ያህል ነው። ከዚያ እሁድ ወዲህ እንደ ድሮው አያወራም። ቅዳሜ አዳራሽ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ይላል፣ ሰው ሲያጨበጭብ ግን እጁን ከጭኑ ሥር ይደብቃል። ድሃ ነህ ቢሉት ይችለው ነበር፣ ለምዶታል። ያመነውን ነው የቀሙት። ተናድጃለሁ ተሻለች፤ ከምነግርሽ በላይ ተናድጃለሁ… በዚያ በማታውቂው ሰውዬ።

በይ አሁን ቀስ ብለሽ አውልቂው። ቅዳሜ ይደርስልሻል። የሚፈለግ ከሆነ ማለቴ ነው። የማይፈለግ ከሆነም አልቀየምሽም፤ የሰፋሁትን ስፈታ ለእኔ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ለወንድምሽ ሰላምታ አድርሺልኝ። ስለ እሱ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ እንዳልወጣ አንቺው ምስክሬ ነሽ። እንዲያውም አበራሽ መርቃሃለች በይው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። የልቡን ያድርስለት። እንዳስተማረው ያድርግለትና፣ ማንንም ሳይፈልግ፣ ማንም ሳይፈልገው፣ መቶ ዓመት ያኑርልን።