ለእሌኒ የተቀመጠው ነጭ ወይን

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ እሁድ ረፋድ፤ ጡረተኛው የምድር ባቡር ጸሐፊ አቶ ግርማቸው አንድ አሮጌ የነጭ ወይን ጠርሙስ ታቅፎ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘርፌ የቡሽ መክፈቻ ይዛ ከፊቱ ቆማለች።)

ዘርፌ፦ አምጣው አልኩህ።

ግርማቸው፦ እሷ ስትመጣ ይከፈታል አልኩሽ። አሁን ትደርሳለች።

ዘርፌ፦ ሳይቀመስ ለእንግዳ የሚቀዳው በየትኛው አገር ነው? እናቴ ጠላ እንኳ ስታቀርብ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር። በቤቴ ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀርብም።

ግርማቸው፦ አቦ ተይኝ። ይሄ ጠላ አይደለም፤ የፈረንጅ ወይን ነው።

ዘርፌ፦ የፈረንጅ ሲሆን አይበላሽም?

ግርማቸው፦ ዘርፍዬ፣ ቃል አለብኝ። እሌኒ አገሯ ግሪክ ልትሄድ ባቡር ስትሳፈር ነው በእጄ የሰጠችኝ። «ስመለስ አብረን እንከፍተዋለን» ብላኛለች፤ ይኸው ዛሬ ተመለሰች።

ዘርፌ፦ «አብረን»። እስቲ ድገማት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ የጎረበጠችኝ ይቺ ቃል ናት።

ግርማቸው፦ አባቷ ባለ ግሮሰሪ ነበር። ዕቃው በባቡር ይመጣል፣ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ መጥታ ትወስዳለች። ይኸው ነው።

ዘርፌ፦ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣ ነበር?

ግርማቸው፦ እሱን ማን ቆጠረ።

ዘርፌ፦ የትኛው ባቡር በየትኛው ቀን እንደዘገየ እስከ ዛሬ በቃልህ ትለዋለህ። እሷን ብቻ አልቆጠርክም። ደግ።

ግርማቸው፦ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?

ዘርፌ፦ ዛሬ አይደለም የነካኝ። ለሰርጋችን ይከፈት ስል «ገና ነው» አልክ። ለልጃችን ለትርሲት ክርስትና «ይቆይ» አልክ። ልጅቷ ተመርቃ ጋውኗን ለብሳ እፊትህ ስትቆም ጠርሙሱን በጨርቅ ወልውለህ ቦታው መለስከው። የእኔ ደስታ ለዚህ ወይን አይመጥንም ነበር ማለት ነው።

ግርማቸው፦ ወይን እያደር ነው የሚጥመው ብዬ እንጂ።

ዘርፌ፦ ቀዩን ነው እያደር ይጥማል የሚሉት። የሆቴል አሳላፊው ጋሽ ሐጎስ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነግሮሃል። «ነጩን ቶሎ ጠጡት፣ ድሬ ላይ ሙቀቱ ይፈጀዋል፤ ማቆየታችሁ ካልቀረ ቀዝቃዛ ቦታ አጋድሙት» አለ። አንተ ደግሞ እንደ ታቦት አቆምከው።

ግርማቸው፦ በአባቴ ቤት ጠርሙስ የሚጋደመው ባዶ ሲሆን ነው። የሞላ ጠርሙስ ይቆማል።

ዘርፌ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አምጣ እንቅመሰው። መጥፎ ሆኖ እፊቷ ከምታፍር እኔ ፊት እፈር።

ግርማቸው፦ በይ እንቺ። ቀስ በይ... ቀስ። ቡሹን አታፍርሺው።

ዘርፌ፦ እኔ መቼ ነካሁት? እየው፣ እንደ ደረቅ ቂጣ በራሱ ተፈረፈረ። የቆመ ጠርሙስ ቡሹን አያርሰውማ። ደግሞ ቀለሙን ተመልከት። ነጭ አላልከኝም? ይሄ የከረመ ሻይ ነው።

ግርማቸው፦ ጠብ አድርጊልኝ መዳፌ ላይ።

ዘርፌ፦ እህስ?

ግርማቸው፦ ...ይጠጣል።

ዘርፌ፦ አፍህ ይጠጣል ይላል፣ ዓይንህ እንባ አቅርሯል። እስቲ እኔም። እሰይ። የሰላጣ ኮምጣጤ ነው።

ግርማቸው፦ ምነው «እሰይ» አልሽ?

ዘርፌ፦ ምንም።

ግርማቸው፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። አንቺን ደግሞ ኮምጣጤው አስለፈለፈሽ። ተናገሪ።

ዘርፌ፦ እናገራለሁ፣ ማንን ልፈራ። አንተ ከእንስራው ጥግ፣ ጥላ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር አይደል? እኔ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲጠባ መሰላል አቁሜ፣ ቆጡ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር እሰቅለው ነበር። ግንቦትንና ሰኔን እዚያ ይቀቀላል። ሐምሌ ላይ አውርጄ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ግርማቸው፦ መስበር አይሻልሽም ነበር?

ዘርፌ፦ ብሰብረው ታዝንላት ነበር። እኔ የፈለግሁት እሷ ራሷ መጥታ እንድትቀምሰው ነው። ቅናት ነው፣ አልክድም። ሌላ ሴት ባሏ ከውጭ ሲያመሽ ትቀናለች፣ የእኔዋ ጠላት እቤቴ ውስጥ ከእንስራዬ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

ግርማቸው፦ አውቃለሁ።

ዘርፌ፦ ምኑን?

ግርማቸው፦ መሰላሉን። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። ቆጡ አቧራ ላይ የጠርሙሱ ክብ ታትሞ አየሁት። ደግሞ ስትመልሺው ሁልጊዜ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ ታዞሪዋለሽ።

ዘርፌ፦ ጽሑፉን ማየት ስላስጠላኝ ነው። ቆይ፣ አይተህ ዝም አልክ?

ግርማቸው፦ ባወርደው ከወይኑ ጋር ወግኜ አንቺን መጣላቴ ነው። ተውኩት፣ ይቀቀል አልኩ።

ዘርፌ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ወደሃት ነበር?

ግርማቸው፦ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወድጃት ነበር። ባቡሩ ወሰዳት። በሁለተኛው ዓመት አንቺን አገባሁ፣ ከዚያ በኋላ ባቡር ሲመጣ ማን ወረደ ብዬ አይቼ አላውቅም።

ዘርፌ፦ ታዲያ የተበላሸ መሆኑን እያወቅህ ለምን አልደፋኸውም?

ግርማቸው፦ ብደፋው በምን ትቀኚብኛለሽ? ሚያዝያ በመጣ ቁጥር መሰላሉ ሲንቋቋ እሰማና፣ «ይቺ ሴት ዘንድሮም አልሰለቸችኝም» ብዬ ተገላብጬ እተኛለሁ።

ዘርፌ፦ ውሸታም። ጉልበቴን የጨረሰው እኮ ያ መሰላል ነው።

ግርማቸው፦ ባለፈው ሚያዝያ ሳትወጪ ስትቀሪ ደንግጬ ነበር።

ዘርፌ፦ ...ወጥቻለሁ። አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነው የወጣሁት።

ግርማቸው፦ ተመስገን። ስሚ፣ በሩ ተንኳኳ፤ እሷ ናት። ይሄን ጓሮ ልድፋው፣ አንቺ ጠጁን አቅርቢ።

ዘርፌ፦ ቁጭ በል። ቃል አለብህ አላልክም? ሦስት ብርጭቆ አውጣ። ለእኔና ለአንተ ጠብታ ይበቃናል፤ የእሷን እስከ አፉ ሙላው።