ወንበር ያዥና ሒሳብ ተቀባይ

ከግሽ አባይ ሰፈር በተሳፈርሁበት ታክሲ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት ለአክስቷ ታወራለች።

«የጀልባ ትኬት መቁረጫው ፕሮግራም ቀጥ እያለ ሲያስጨንቀኝ ሰነበተ። አለቃዬማ ሌላ ሰው ልቀጥር ነው ብሎኝ ነበር።»

«ምን አገኘው?»

«ፕሮግራሙ ውስጥ ትሬድ፣ ማለትም ክር የምንላቸው፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት የሥራ መስመሮች አሉ፤ እንደ ሁለት ሠራተኛ ቁጠሪያቸው። መለያቸው ቁጥር ብቻ ስለነበር ማን ማንን እንዳስቆመ አይታወቅም። ትናንት ስም አወጣሁላቸው፤ አንዱን ‹ወንበር ያዥ›፣ ሌላውን ‹ሒሳብ ተቀባይ› አልሁ።»

«ከዚያስ?»

«ወዲያው ተጋለጡ! ወንበር ያዡ ‹መጀመሪያ ሒሳቡ ይከፈል›፣ ሒሳብ ተቀባዩ ‹መጀመሪያ ወንበሩ ይለቀቅልኝ› እያሉ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ቆመዋል።»

«የባልና የሚስት ኩርፊያ በይኛ!»

«እንዴታ፣ አክስቴ! አንዱ የያዘውን ቀድሞ እንዲለቅ አዘዝሁት። ዛሬ ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ጢም ብሎ ሞልቶ ወጣ!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እልልልል!»

እኔና ባለቤቴም ተኳርፈን፣ ማን ቀድሞ ይደውል እያልን ሰንብተናል፤ ስልኬን አወጣሁና የባለቤቴን ስም ትኩር ብዬ አየሁት።