የአያ ማሩ ተራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አያ ማሩም አልረሳም። ከጉና ተራራ ግርጌ ወደ ደብረ ታቦር በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንጠልጥላ ብቅ አለች። ገና ከሩቁ በአረማመዷ ለያት። እሱ በመጥረቢያ የተመታ እግሩን በአመድና በቅጠል ጠቅልሎ፣ ማዶ ካለው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ለመሄድ ከቤቱ ተነሥቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ጉልበቱ ከዳው።

"እንደምን ዋሉ አባቴ?" አለች ጎንበስ ብላ።

"እግዜር ይመስገን። አላወቅሽኝም?"

ነርሷ አዲስዓለም ፊቱን ትክ ብላ አየችው። "ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅሁዎትም።"

ይህ ከጥንቱ በደል ባሰበት። ስንት ክረምት ሙሉ ማሳው ላይ፣ መኝታው ላይ፣ በልቡ ሲሟገታት የኖረው ሴት ሙግት መኖሩንም አታውቅ! የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ይረግጥህና ምን እንደረገጠ እንኳ ዝቅ ብሎ አያይም።

"ማሩ እባላለሁ። የዚያን ዓመት በሐምሌ ጭቃ፣ ወገቤን ይዞኝ፣ ዶሮ ሳይጮኽ መጥቼ ተራዬን በድንጋይ የያዝሁት እኔ ነኝ። ከኔ ድንጋይ ፊት የማንም ድንጋይ አልነበረም። በሩ ሲከፈት አንቺ ግን 'ዞር በሉ' ብለሽ በክንድሽ ገፋሽኝና፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ በቃሬዛ የመጣች አንዲት ልጅ እግር ሴት አስገባሽ። ያገር ሰው ሁሉ እያየ!"

"ብዬ ይሆናል አባቴ።"

"ብለሻል! እኔ ውሸታም ነኝ?"

"እሺ፣ ብያለሁ። ታዲያ በኔ ተቆጥተው ነው እግርዎን በቅጠል የጠቀለሉት?"

"ከዚያ ደጅ ድርሽ አልልም ብዬ ምያለሁ። እዚህ አገር ሽማግሌ ይከበራል። ልቅሶ ላይ ቢሆን፣ ሰርግ ላይ ቢሆን ቅድሚያው የሽማግሌ ነው። ማኅበር ላይ ጠላው ሲቀዳ ከሽማግሌ ነው የሚጀመረው። እናንተ ቤት ግን ትናንት የተወለደው ይቀድማል። ይህ ነው ትምህርት? እኔም ብሆን ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ደንቆሮ አይምሰልሽ።"

አዲስዓለም ሳጥኗን አወረደችና ከጎኑ ተቀመጠች።

"አባቴ፣ ከከብትዎ አንዲት ጥጃ ገደል ብትገባብዎ፣ በሬው ታላቋ ነው ብለው መጀመሪያ እሱን ያጠጣሉ?"

"ደግሞ ከከብት አዋልሽኝ!" አለ፤ ሳቁ ግን አመለጠው።

"በሬው ይከበራል፤ ተራው ሲደርስም ይጠጣል። ገደል የገባችው ግን ጊዜ የላትም። እኛ ዘንድ ተራ የሚይዘው ድንጋይ አይደለም። ደሙ የሚፈሰው፣ ትንፋሹ የሚቆራረጠው ይቀድማል።"

"ማን ያውቃል? የባለሥልጣን ዘመድ ሆና ቢሆንስ?"

"የማንም ዘመድ አልነበረችም…" ብላ ጀመረችና ቆም አለች። "በሐምሌ፣ በቃሬዛ ነው ያሉኝ? ወንድሟ ከኋላ እያለቀሰ የሚከተላት?"

"እሷው!"

"አስታወስኋት። ቤቷ ወልዳ ደሙ አልቆም ያላት ናት። ከቆላው ሌሊቱን ሙሉ በሸክም አመጧት። ማኅፀኗን እየጨመቅሁ አምቡላንስ ስንጠብቅ እጄ ላይ አለፈች።"

አያ ማሩ በከዘራው መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። በልቡ ያች ሴት እስካሁን ድና፣ ወፍራ፣ በሱ ተራ እየተመካች ነበር የምትኖረው።

"እሷን አልረሳሽም፤ እኔን ረሳሽ" አለ፤ ቅሬታው ገና አልወጣለትም ነበር።

"አንቱማ በእግርዎ ሄዱ አባቴ።"

አያ ማሩ የተጠቀለለ እግሩን አየ።

"ስትወጪ 'ባለጌ' ብዬሻለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንዲያ ከሆነ የዚያን ቀን ስድብ የአንቱ ብቻ አልነበረም። ባሏ በጥፊ መታኝ። እናቷ 'ገደልሽብኝ' አለችኝ። ከቧንቧው ውኃ ስላልነበረ ከጀሪካን ቀድቼ ፊቴን ታጠብሁና የሚቀጥለውን ጠራሁ። ሥራችን እንዲህ ነው። አንዲት ነርስ ብቻዋን አዳር ትገባለች፤ እዚህ አንዷ ታምጣለች፣ እዚያ ሕፃን ያተኩሳል፣ ጓንቱ ያልቃል። ምሳዬን ተቀምጬ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። አስታማሚው በሩን ሞልቶ መርፌ የምወጋበትን ብርሃን ይከለክለኛል። ሁሉም 'ሲስተር፣ ሲስተር' ይለኛል፤ ስሜን የሚጠይቅ የለም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ አያ ማሩ ቀና ብሎ። "'አባቴ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው፤ ይቆዩኝ' ብትይ ቃሬዛውን በዚያ ወገቤ ተሸክሜ አስገባልሽ ነበር። አንዲት ቃል! ገበሬ ነገር አይገባውም ብላችሁ ነው የምትገፉን።"

ነርሷ መንገዱን አየች። ከዚያ፣ "እውነትዎን ነው" አለች። "ቁስል ማጠብ ተምረናል፤ ሰው ማናገር ግን በውጥረቱ እንረሳለን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።"

አያ ማሩ በዕድሜው ስንቱን የተማረ አይቷል። ከትምህርት ቤት ያባረረውን አስተማሪ አይቷል፤ ቢሮው በር ላይ አቁሞ ያዋለውን ጸሐፊ አይቷል። "ጥፋቱ የኔ ነው" ያለው ግን አንድም አልነበረም። እግሩን ወደሷ ገፋ አደረገ።

ቅጠሉን ስትፈታው ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ቅላቱ ወደ ባቱ መውጣት ጀምሯል።

"አባቴ፣ አልደብቅዎትም። ዛሬ ካልታጠበና መድኃኒት ካላገኘ ይህ እግር ይቆረጣል፤ ከዚያም ካለፈ ነፍስ ይዞ ይሄዳል። በሳጥኔ ያለው የሕፃናት ክትባት ብቻ ነው፤ እዚህ ላክምዎት አልችልም።"

"መሐላዬስ?"

"ለመሐላው የነፍስ አባት አለልዎ። ለተቆረጠ እግር ማን አለልዎ?"

አያ ማሩ ማዶውን አየ፤ ቁልቁለቱን አየ። "በይ ደግፊኝ" አለ።

ሲደርሱ የጤና ጣቢያው ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። አዲስዓለም አግዳሚው ላይ አስቀምጣው ገባችና ወዲያው ተመለሰች።

"አባቴ፣ ትንፋሽ ያጠራት ሕፃን አለች። እሷን አይቼ እመጣለሁ፤ ይቆዩኝ።"

ይህን ያለችው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። አያ ማሩ ጋቢውን አስተካክሎ፣ "ሂጂ ልጄ፤ እቆይሻለሁ" አለ። ሕመሙ እስከ ብሽሽቱ እየወጣ ሳለ፣ እንደ ተከበረ እንግዳ ቀጥ ብሎ ጠበቃት።

ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ እግሩ ግን ተረፈ። ቂሙን ቀደም ብሎ ቢተው ጣቶቹም በተረፉ።

መቆም በቻለበት እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ከቦ ሲጠይቀው እንዲህ አለ፦ "ቁስል ሳይሸት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አመድ አትነስንሱበት፤ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ሂዱ። ሴት ልጅ ምጥ ሲጀምራት ውሰዷት፤ ደም ሲፈስ ቃሬዛ መፈለግ ዋጋ የለውም። አስታማሚ አንድ ይበቃል፤ ልቅሶ አይደለም የምትሄዱት! ነርሷንም አትስደቡ፤ ከማን ሬሳ ተነሥታ ወዳንተ እንደመጣች አታውቅም። እሷም ብትገፋችሁ 'አናግሪን እንጂ' በሏት፤ ሰው ናት፣ ትሰማለች።"

ጎረቤቱ አያሌው ግን አልተዋጠለትም። "ሁሉስ ይሁን፤ በኋላ የመጣ ተራዬን እየወሰደ፣ እኔን 'ቆይ' ሲሉኝ ዝም ልበል?"

"ቆይ ከተባልህማ ተመስገን በል" አለው አያ ማሩ፤ "ሞት ገና ሌላውን ይዟል ማለት ነው። ጉዱ 'ቅደም' የተባልህ ለታ ነው።"