መብራቱ ከጎን ይሁን

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከገፈርሳ ወደ ቡራዩ በእግሬ ስመለስ፣ የድሮ ጎረቤቴ ኦቦ ጃራ ደጃቸው ላይ ከአንዲት ወጣት ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ወጣቷ ዱርሲቱ ትባላለች፤ ፎቶ ማንሳት ተምራ፣ መብራቷንና የጀርባ መጋረጃዎቿን በባጃጅ ጭና ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በየቤቱ እየዞረች ታነሳለች። እኔ ደግሞ ክርክር አይቼ ማለፍ አልችልበትም፤ ገባሁ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጃራ?» አልኩ፤ እንደምን አሉ ለማለት።

«ናጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መምህር፣ ኑ ፍረዱን! ባለቤቴ ነገ ሆስፒታል ትገባለች፤ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ሊያወጡላት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ደህና ፎቶ ይኑራት ብዬ ነበር። ይህቺ ልጅ ግን ቪላ የተሳለበትን መጋረጃ አልሰቅልም፣ መብራቱንም ፊት ለፊት አላበራም አለችኝ።»

የፈሩትን አልተናገሩም። በእኛ አገር ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ቀድሞ ቢነሳም ስሙ አይጠራም።

«ቪላው ምን አደረገሽ፣ ልጄ?» አሏት ኦቦ ጃራ።

«ምንም፣ አባቴ። ግን ደረጃውና አበባው ዓይን ይወስዳል፤ እማማ ያለምወርቅን ማን ያያቸዋል? ይህ አመድማ ጨርቅ ፊታቸውንም ነጠላቸውንም ለይቶ ያሳያል።»

«መብራቱስ? ፊት ለፊት ሲሆን ሰው ቀላ ብሎ ይወጣል። ያ የአንገቷ ንቅሳትም ይጠፋላታል። ዛሬ በንቅሳት ማን ይኮራል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከንቅሳቱ ጋር እሳቸውም ይጠፋሉ» አለች በትሕትና። «ከጎን፣ ከፍ አድርጌ፣ መብራቱ ፊት በምዘረጋው ነጭ ጃንጥላ አለዝቤ ካበራሁት የፊታቸው መስመር ሁሉ ይታያል።»

«መስመሩን ማን ፈለገው!»

ይህ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ጠቁሬ ወጣሁ ብለን ፎቶ አንሺውን እንቆጣለን፤ እሱም በሚቀጥለው ፊታችንን በብርሃን ያጥበዋል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ሊያስውበን ብሎ መልካችንን ይደመስሰዋል። ነገሩ ሁልጊዜ ያናድደኛልና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ኦቦ ጃራ፣ አይቀየሙኝ። በወንድምዎ በኢፋ ለቅሶ የተያዘው ፎቶ እንዲሁ በብርሃን የታጠበ ነበር። የሱሉልታ ዘመዶች ‹ይህ ማነው?› ብለው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ይህን ጊዜ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ጃራ፣ ይህን የነቀሰችኝ እናቴ ናት፤ በገዛ እጇ። እሷ ፎቶ እንኳ የላትም። ሐኪሙ ነገ የሚቆርጠው እዚሁ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ዛሬውኑ በመብራት ታጠፋብኛለህ?»

ኦቦ ጃራ የቪላውን መጋረጃ ከመሬት አንስተው ጠቀለሉት። ነፋሱ አመድማውን ጨርቅ ሲያርገበግበው፣ ልጅቷ አንስታ እስክትጨርስ ጠርዙን ራሳቸው ይዘው ቆሙ።

ዱርሲቱ ፎቶውን በካሜራዋ ላይ አሳየቻቸው። የወይዘሮ ያለምወርቅ ፊት በጠይምነቱ አምሯል፤ በአንገታቸው ዙሪያ ንቅሳቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ኢሼማ!» አሉ ኦቦ ጃራ፤ እሷው ራሷ ናት ማለታቸው ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ እውነትሽን ነው። የኢፋን ፎቶ ያበላሸነው እኛው ነን።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ተራ ጨርቅና ከጎን የሚመጣ ልዝብ መብራት ሰውን ለልጅ ልጁ ያቆያሉ። ያልኖርንበት ቪላና ያልተፈጠርንበት ቅላት ግን ፎቶውን የማንም ያደርጉታል። በመልካችን ሳናፍር እንነሳ፤ የሚያለቅስልንም የሚናፍቀንም ማንን እንደሆነ ይወቅ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ካሜራውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዲህ ይቁረጡት» አሉ። «አሁን አልፈራም።»