መነጽር የማያርመው ዕይታ

የመነጽሯ ብሎን መንገድ ላይ ባይወልቅ ኖሮ፣ ወጣቷ የነርቭ ሐኪም ወደዚያች ጠባብ ሱቅ ጎራ ባላለች ነበር። ሽማግሌው መነጽር ሠሪ በርጩማ ስበው አስቀመጧት። የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው ወፍራም መነጽር አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት ሌንሶች አልፎ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን ታያለች።

«የኔ እመቤት፣ እንግዳዋን ሰላም በያት እንጂ!» አሏት። ልጅቱ ዞር አላለችም።

«ይቅርታሽን፣ ልጄ» አሉ ብሎን እየፈለጉ። «የሰው ፊት አታይም። አራት መነጽር ሠራሁላት፤ አራተኛው ይኸው ነው። አርባ ዓመት የሰው ዓይን ሳቃና ኖሬ የቤቴ ልጅ አቃተችኝ። እናቷ ትምህርት ቤት ላስመዝግባት ትላለች፤ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ እምቢ አልኩ። የሰው መሳቂያ ከምትሆን እዚሁ ከኔ ጋር ትቀመጥ።»

«ሐኪም አይቷታል፣ አባባ?»

«አይቷታል፤ ኦቲዝም ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስለ ዓይን ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ!»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ዓይኑስ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከዓይን ጀርባ ያለው ግን የኔ ነው። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል፤ መስመሩን አንዱ የአንጎል ክፍል፣ ቀለሙን ሌላው፣ እንቅስቃሴውን ሌላው ይለየዋል። ከዚያ እልፍ የነርቭ ክሮች ያገናኙትና ‹ይህ አያቴ ነው› ይባላል። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ይህ ግንኙነት ለየት ያለ መልክ ሊኖረው ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እኛም ገና እየተማርን ነው። ብዙዎቹ ግን እኛ ዘለን የምናልፈውን ዝርዝር ያያሉ።»

«ታዲያ የኔን ፊት ለምን ትሸሻለች?»

«ፊት ዝም ብሎ አይቀመጥማ! ቅንድብዎ ይነሳል፣ ጺምዎ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ይጨመርበታል። ሁሉን ባንድ ጊዜ ማሰባሰብ ሊያደክማት ይችላል። ምናልባት ዞር የምትለው በደንብ ልትሰማዎ ብላ ይሆናል።»

«ጥፋተኛው ጺሜ ነዋ!» አሉ ጺማቸውን እየዳበሱ። አዋቂ ነኝ ብሎ ለኖረ ሰው ‹አላወቅሁም› ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው፣ ብሎት ያየ ብቻ ነው።

«እስቲ ‹እዪኝ› ማለቱን ይተዉና፣ እርሷ የምታየውን አብረው ይዩ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ደግፈው ከልጅቱ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የታያቸው ብርሃን ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ ከየሌንሱ የወጣው ክብ ለየብቻ፣ በየክቡም ጠርዝ ቀጭን ቀይና ሰማያዊ ክር ታያቸው። አርባ ዓመት በገዛ ሱቃቸው ውስጥ ይህን አላዩም።

«ሦስተኛው ውስጥ ፀጉር አለ» አለች ልጅቱ፣ በመነጽሯ አናት ላይ አሻግራ ግድግዳውን እያየች።

ሌንሱን አንስተው በማጉያ መረመሩት። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረበት፤ ሁለት ጊዜ በእጃቸው ያለፈ።

«በዚህች ጭንቅላት ውስጥ ስንት ክር ነው ያለው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ቆጥሮ የጨረሰ የለም፣ አባባ።»

ሽማግሌው የማያስፈልጋትን መነጽር ቀስ ብለው ከፊቷ አወለቁ።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ሆነው ትምህርት ቤት ይዘዋት ሄዱ። «የኔ ልጅ» አሏት መምህርቷን፣ ሐኪሟ የመከረቻቸውን እየደገሙ፣ «‹ዓይኔን እዪ› አትበያት፤ ሳታይሽም ትሰማሻለች። የሚርገበገብ መብራት ካለ ራቅ አድርጊያት፣ ነገርን አንድ በአንድ ንገሪያት።» እንዲህ የተያዘ ልጅ ሳይሳቀቅ ፊደል ይቆጥራል፣ ጓደኛ ያፈራል፤ ቤተሰብም ልጁን ከሰው መደበቁን ይተዋል።

መምህርቷ መዝገቡን እየጻፈች፣ «ምን ማየት ትወዳለች?» ስትል ጠየቀች።

«ትናንት ጠዋት ብትጠይቂኝ ‹ምንም› እልሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ወንበርም ሳቡ። «ዛሬ ግን ነገሩ ረጅም ነው። ጊዜ አለሽ?»