እንደ ሰጡት የሚቀበለው አዝማሪ

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም፤ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በአውቶቡስ ስሄድ ነው። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ሴት ልጃቸው ተቀምጠው፣ ለወንድሟ ሠርግ የትኛው አዝማሪ ይጠራ እያሉ ይማከራሉ።

«የዳንግላው ይሁን አባየ፤ አገር ያደነቀው ነው።»

«ከማሲንቆው ይልቅ ስሙ ይጮሃል። የአዲስ ቅዳሙ ይምጣ።»

«ያ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚሻክረው? ሙሽራይቱ ትሸሻለች!»

«ትሽሽ፤ ወንድምሽ ሮጦ ይይዛታል።»

«እስቲ በሞቴ፣ ምኑ ደስ አለዎት?»

«የዳንግላውን ‹ተቀበል› ብዬ ግጥም ስሰጠው አሳምሮ የራሱ ያደርገዋል። በአገውኛ ከሆነማ ይስቅብኛል። ያኛው ግን እንደ ሰጡት ነው የሚቀበል።»

«በአገውኛ ምን ሊሉ ኖሯል?»

«እናትሽ ለወንድምሽ ሠርግ ብላ ያሰበቻት አንዲት ግጥም አለች። ሠርጉን ሳታይ ሞተች እንጂ።»

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች።

«እንግዲያው ሻካራው ይምጣ። ግን አባየ፣ ግጥሙን እኔ ልስጠው፤ እርስዎ መሐል ላይ ያለቅሳሉ።»

«አዎ፣ አለቅሳለሁ» አሉ ሽማግሌው።

እኔም እንጅባራ እስክንደርስ ድረስ፣ ለሟች ባለቤቴ ለእናኑ የሚሆን ግጥም በልቤ ስፈልግ ሄድሁ።